የጂቡቲ ሐዲድ ዘመንና የአቶም ሞዴሎች ታሪክ

የአቶም ትምህርት ብዙ ጊዜ እንደ ነገሥታት ዝርዝር ይሸመደዳል። ዳልተን፣ ቶምሰን፣ ራዘርፎርድ፣ ቦር እየተባለ ስም ይቆጠራል። ለተማሪውም የመጨረሻው እውነቱን ያገኘ፣ የፊተኞቹ ግን የተሳሳቱ ሰዎች መስለው ይታዩታል። በዚህ መንገድ የተማረ ልጅ ስሞቹን ያውቅ ይሆናል እንጂ ሳይንስ እንዴት እንደሚራመድ አይረዳም። ታሪኩን ተማሪው በሚያውቀው ነገር ላይ አስደግፎ ለማስተማር ግን ከጂቡቲ ከተማ የተነሣው የምድር ባቡር ጥሩ መነሻ ይሆናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲዱን ሥራ የፈቀዱት በ1894 ሲሆን፣ ሥራው ከጂቡቲ የተጀመረው በ1897 ነው። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር፣ በካምብሪጅ፣ ጄ. ጄ. ቶምሰን የካቶድ ጨረር አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ካላቸው፣ ከአቶም እጅግ ከሚያንሱ ቅንጣቶች የተሠራ መሆኑን አስታወቀ። ዛሬ ኤሌክትሮን የምንላቸው እነዚህ ናቸው። ሁለቱን ድርጊቶች የሚያገናኛቸው ዘመናቸው ብቻ ነው፤ ለማስታወስ ግን ይበጃል።

እስከዚያ ድረስ ጸንቶ የቆየው ጆን ዳልተን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያቀረበው ሐሳብ፣ ማለት አቶም የማይከፈል ቅንጣት ነው የሚለው ነበር። ይህ ሐሳብ ንጥረ ነገሮች በተወሰነ ልክ የሚዋሐዱበትን ምክንያት አስረድቷል። ኤሌክትሮን ሲገኝ ግን አቶም ውስጣዊ ክፍሎች እንዳሉት ታወቀ።

ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ። በዚያም በገንዘብ እጦትና በመንግሥታት ውዝግብ ለዓመታት ቆመ። ቶምሰን ሞዴሉን ያሳተመው በዚህ ጊዜ፣ በ1904 ነው። በእርሱ አስተያየት አቶም አዎንታዊ ሙል የሞላበት ድቡልቡል አካል ሲሆን፣ ኤሌክትሮኖቹ ጥቁር አዝሙድ በድፎ ዳቦ ውስጥ እንደሚበተን በውስጡ ይገኛሉ። በዚያው ዓመት ጃፓናዊው ሃንታሮ ናጋኦካ ኤሌክትሮኖቹ እንደ ሳተርን ቀለበት በከባድ መካከለኛ አካል ዙሪያ ይዞራሉ የሚል ሌላ ሞዴል አቀረበ።

ክርክሩን የፈታው ሙከራ ነው። በ1909 በማንቸስተር ጋይገርና ማርስደን የአልፋ ቅንጣቶችን በስስ የወርቅ ቅጠል ላይ ለቀቁ። አብዛኞቹ በቀጥታ አለፉ፤ ከብዙ ሺህ አንዱ ግን ወደ ኋላ ተመለሰ። ሙሉ በሙሉ እንደ ሊጥ የተስፋፋ አቶም ይህን ሊያደርግ አይችልም። ስለዚህ ራዘርፎርድ በ1911 የአቶም አዎንታዊ ሙልና መጠነ ቁሱ ከሞላ ጎደል በአንዲት ጥቃቅን እምብርት፣ ማለት በኒውክሊየስ፣ እንደሚገኝ ገለጸ። መጠኑን ለተማሪ ለማሳየት ከጂቡቲ አዲስ አበባ የሚደርሰውን 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ቀጥ አድርገን እንዘርጋው። የሃይድሮጂን አቶም ስፋት ይህን ቢያህል፣ ኒውክሊየሱ ወደ 12 ሜትር፣ ማለት ከአንድ ፉርጎ ብዙም የማይበልጥ ይሆናል።

የራዘርፎርድ ሞዴልም የራሱ ችግር ነበረበት። በጊዜው በታወቀው የፊዚክስ ሕግ መሠረት የሚዞር ኤሌክትሮን ጉልበቱን በጨረር እያጣ ኒውክሊየሱ ላይ መውደቅ ነበረበት። ኒልስ ቦር በ1913 ኤሌክትሮን በተወሰኑ የጉልበት ደረጃዎች ብቻ እንደሚኖር በማሰብ የሃይድሮጂንን የብርሃን መስመሮች አስረዳ። ብዙ ኤሌክትሮን ላላቸው አቶሞች ግን አልበቃም።

ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ራዘርፎርድ በዚያ ዓመት ናይትሮጂንን በአልፋ ቅንጣት እየመታ የሃይድሮጂን ኒውክሊየስ ሲወጣ ይመለከት ነበር፤ ውጤቱንም በ1919 አሳተመ። ያ ቅንጣት በኋላ ፕሮቶን ተባለ። ሐዲዱ ቢያልቅም የአቶም ጉዞ ቀጠለ። በ1926 ሽሮዲንገር የኤሌክትሮንን ምሕዋር በሞገድ ስሌት ተካው፤ በ1932 ቻድዊክ ኒውትሮንን አገኘ።

ምሳሌያችን ግን ወሰን አለው። ሐዲዱ ከድሬዳዋ ሲቀጥል ከጂቡቲ የተዘረጋው አልተነቀለም። በሳይንስ ግን የሚነቀልም አለ። የቶምሰን «ዳቦ» ተጣለ፤ ኤሌክትሮኑ ግን ቀረ። የቦር ክብ ምሕዋር ተተወ፤ የጉልበት ደረጃዎቹ ግን ቀሩ።

ስለሆነም መምህሩ በእያንዳንዱ ሞዴል ፊት ሦስት ጥያቄዎች ቢያቀርብ ይጠቅማል፦ ሞዴሉ የትኛውን ጥያቄ መለሰ? በየትኛው ሙከራ ላይ ቆመ? ከእርሱስ ምን ቀረ? እነዚህን መመለስ የቻለ ተማሪ በመጽሐፉ ላይ የተሣለውን አቶም እንደ ፎቶግራፍ አይቆጥረውም። ዛሬ ጂቡቲንና አዲስ አበባን የሚያገናኘው ባቡር በኤሌክትሪክ ኃይል ሲሄድም፣ የመጀመሪያው ሐዲድ በተጀመረበት ዓመት የታወቀችው ቅንጣት ሥራ ላይ መሆኗን ያስተውላል።