የውሻ ጠባይ ባለሙያዎች፦ ሙያው በአሜሪካ እንዴት እንደተደራጀ

በአሜሪካ ፀጉር አስተካካይ ያለ ፈቃድ አይሠራም። የሚናከስ ውሻ ያለው ቤተሰብ ሲጨንቀው የሚጠራው የውሻ አሰልጣኝ ግን የመንግሥት ፈቃድ እንዲይዝ የሚያስገድደው ክፍለ ግዛት የለም። ትናንት ሌላ ሥራ ላይ የነበረ ሰው ዛሬ ተነሥቶ አሰልጣኝ ነኝ ቢል ከልካይ የለውም። ይህ የሆነው ሙያው ከአንድ ቤት ስላልወጣ ነው። ከፊሉ ከፖሊስና ከጦር ሠራዊት፣ ከፊሉ ከሥነ ልቦና ቤተ ሙከራ፣ ከፊሉ ከእንስሳት ሕክምና የመጣ ሲሆን፣ ሦስቱ ወገኖች ለረጅም ዘመን እምብዛም ሳይነጋገሩ ኖረዋል። ዛሬ ከባለሙያዎች ስም ጎን የሚጻፉት የማዕረግ ዓይነቶች ከየትኛው ወገን እንደተወለዱ ያወቀ ሰው፣ የትኛው ችግር ወደ ማን መሄድ እንዳለበት ለመለየት አይቸገርም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀዳሚው የፖሊሱ መንገድ ነው። ጀርመናዊው ኮንራድ ሞስት በ1906 በዛርብሩከን ከተማ ፖሊስ ውስጥ ሲያገለግል ውሾችን ለፖሊስ ሥራ ማሠልጠን ጀመረ። በ1910 ያሳተመው የሥልጠና መጽሐፍም ለብዙ አሥርት ዓመታት የሙያው መሠረት ሆኖ ቆየ። ሞስት ውሻ የሰውን ግብረ ገብ እንደማያውቅ፣ ጥፋቱን አስቦ እንደማይጸጸት አጥብቆ ጽፏል። ለእሱ ውሻ የሚማረው ድርጊቱን ወዲያው ተከትሎ ከሚመጣው ነገር ነው፤ ዘግይቶ የደረሰ ሽልማትም ሆነ ቅጣት ምንም አያስተምርም። የሥነ ልቦና ሊቁ ቢ. ኤፍ. ስኪነር ይህንኑ ሕግ በቤተ ሙከራ በዝርዝር ያጠናው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ መሆኑ ሲታሰብ፣ የፖሊሱ ሰው ማስተዋል የሚያስደንቅ ነው። ይሁንና የሞስት መሣሪያዎች ሹል ጥርስ ያለው የአንገት ማሰሪያና አርጩሜ ነበሩ። ጌታው ማን እንደሆነ እስኪለይ ድረስ ሰውና ውሻ በኃይል መፈታተን እንዳለባቸውም ያምን ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡት አሰልጣኞች በብዛት የወሰዱት ማሰሪያውንና አርጩሜውን ነው፤ ስለ ጊዜ አጠባበቅና ስለ ትምህርት የጻፈው ግን ብዙም ተከታይ አላገኘም።

በአሜሪካ ተራው የውሻ ባለቤት ወደ ሥልጠና ሜዳ የወጣው በ1930ዎቹ ነው። ሄለን ኋይትሃውስ ዎከር የተባለች የፑድል አርቢ ውሾቿ ለጌጥ ብቻ የሚቀመጡ እንዳልሆኑ ለማሳየት በ1933 በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት፣ በማውንት ኪስኮ የታዛዥነት ውድድር አዘጋጀች። የአሜሪካ ኬኔል ክለብ በ1936 ውድድሩን በራሱ ደንብ ሥር አስገባው። ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። በ1942 በተጀመረው ዘመቻ ዜጎች የቤት ውሾቻቸውን ለሠራዊቱ አበረከቱ፤ በጦርነቱ ዘመን 10 ሺህ ያህል ውሾች ሠለጠኑ። ጦርነቱ ሲያበቃ የሠራዊቱ አሰልጣኞች ሙያቸውን ይዘው ወደ ከተማ ተመለሱና የቤት ውሾችን በወታደር ሥርዓት ማስተማር ቀጠሉ።

ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው ዊልያም ኮህለር ነው። በጦርነቱ ጊዜ የሠራዊት ውሾችን አሠልጥኗል፤ በኋላም ለዲዝኒ ፊልሞች እንስሳትን አዘጋጅቷል። በ1962 ያሳተመው መጽሐፍ በመላ አገሪቱ ተነበበ። የኮህለር ዘዴ ሥርዓት ያለውና ወጥ ነበር፤ ብዙ ሰዎችም ውሻቸውን በእሱ መግራት ችለዋል። ከባድ ጥያቄ የሚነሣው ችግር ላለባቸው ውሾች ባዘዘው ነገር ላይ ነው። ግቢ ለሚቆፍር ውሻ የሰጠው መፍትሔ ጉድጓዱን ውኃ ሞልቶ የውሻውን አፍንጫ እዚያ ውስጥ መድፈቅ ነበር። ውሻው የቆፈረው ስለ ሰለቸው ይሁን፣ ስለ ሞቀው፣ ወይም ብቻውን መቅረት ስላስፈራው አልተጠየቀም። የዚያ ዘመን ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ነው። ታዛዥነትን ማስተማርና የተረበሸን ጠባይ መርምሮ ማከም እንደ አንድ ሥራ ተቆጠሩ፤ የመጀመሪያውን የሚያውቅ ሁለተኛውንም እንደሚያውቅ ተገመተ። በዚህ ግምት የተነሣ ስንት ፈሪ ውሻ ተናካሽ ሆኖ እንደቀረ መቁጠር አይቻልም።

ቤተ ሙከራው በዚህ ጊዜ ሌላ ዕውቀት እያከማቸ ነበር። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የስኪነር ተማሪዎች የነበሩት ኬለርና ማሪያን ብሬላንድ ባልና ሚስት በ1940ዎቹ ትምህርታቸውን አቋርጠው እንስሳትን በሽልማት ብቻ የሚያሠለጥን ድርጅት አቋቋሙ። በኋላ ወደ አርካንሶ ክፍለ ግዛት፣ ሆት ስፕሪንግስ ከተማ ተዛውረው ከዶሮና ከአሳማ ጀምሮ ከመቶ በላይ የእንስሳት ዓይነቶችን ለማስታወቂያና ለትርኢት አሠለጠኑ። ስኪነር ራሱ በ1951 ለሰፊው ሕዝብ ባቀረበው ጽሑፍ ውሻን በምግብና ቀጭ በምትል ትንሽ መሣሪያ ማስተማር እንደሚቻል አስረዳ። ድምፅዋ የምትፈለገው እንስሳው ትክክል የሠራባትን ቅጽበት ለይታ እንድታመለክት ነው። ይሁን እንጂ የውሻ አሰልጣኞች ፊታቸውን አልመለሱም። ዘዴው መጀመሪያ የተስፋፋው አንገቱ ላይ ሰንሰለት ሊታሰርለት በማይችል እንስሳ፣ በዶልፊን ዘንድ ሲሆን፣ በሃዋይ ዶልፊኖችን ታሠለጥን የነበረችው ካረን ፕራየር በ1984 በጻፈችው መጽሐፍ በኩል ዞሮ ወደ ውሾች መጣ።

በሜን ክፍለ ግዛት ባር ሃርበር በሚገኘው የጃክሰን ቤተ ሙከራ የተካሄደው ጥናት ደግሞ ውሻን ከልደቱ ጀምሮ ተከታተለ። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር አምስት ዝርያዎችን፣ ከእነሱም መካከል ከኮንጎ የመጣውን ባሴንጂ፣ ለዓመታት አርብተውና መርምረው ውጤቱን በ1965 በመጽሐፍ አወጡ። ካገኙት ሁሉ ለባለቤቶች ከፍተኛ ጥቅም ያለው ይህ ነው፦ ቡችላ ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ ባለው ጊዜ ከሰውና ከአካባቢው ጋር ካልተዋወቀ፣ ኋላ የሚሰማውን ፍርሃት ማስወገድ እጅግ ይከብዳል። የዘመኑ አሰልጣኞች ግን የሚያንቀው ሰንሰለት ለጨቅላ አንገት ስለማይሆን ቡችላ ስድስት ወር ሳይሞላው አይቀበሉም ነበር። የሥልጠናው መሣሪያ የትምህርቱን ጊዜ ወስኖ፣ ዋናው ዕድሜ ሳይነካ ያልፍ ነበር ማለት ነው።

ስለ ተኩላ የተጻፈ አንድ ጥናትም ሙያውን ለረጅም ጊዜ አሳስቶታል። ሩዶልፍ ሸንክል በባዝል የእንስሳት ማቆያ የታጎሩ ተኩላዎችን ተከታትሎ በ1947 ባወጣው ጽሑፍ ስለ መንጋ የበላይነት ፉክክር አተተ። አሜሪካዊው ዴቪድ ሜች በ1970 ስለ ተኩላ በጻፈው መጽሐፍ ሐሳቡን ይበልጥ አሰራጨው። አሰልጣኞችም ከዚያ ተነሥተው ውሻ ሁሉ የቤቱ አለቃ ለመሆን ይታገላል፣ ስለዚህ በጀርባው ተንጋሎ ተይዞ መሸነፍ አለበት አሉ። ሜች በኋላ በካናዳ ኤልዝሚር ደሴት የዱር ተኩላዎችን ለብዙ በጋዎች ሲከታተል ያየው ሌላ ነበር፤ የዱር መንጋ በአብዛኛው አባት፣ እናትና ልጆች ያሉበት ቤተሰብ ነው። በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ «አልፋ» የሚለው ስያሜ ለእንዲህ ያለ ቤተሰብ እንደማይስማማ ገለጸ። የታወቀ ተመራማሪ ራሱ ያስፋፋውን ሐሳብ በአደባባይ ማረሙ ሊመሰገን የሚገባው ነው። አሳዛኙ ነገር እርማቱ የመጀመሪያውን ስሕተት ያህል አለመሰማቱ ነው።

የእንስሳት ሐኪሞች ወደ ጠባይ ጥናት በተደራጀ መልክ የገቡት በ1970ዎቹ ነው። በዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የጠባይ ክሊኒኮች ተከፈቱ፤ በጉዳዩ ላይ የሚሠሩ ሐኪሞች ማኅበርም ተመሠረተ። ሐኪሞቹ ያመጡት ትልቁ ለውጥ ከሥልጠና በፊት ምርመራን ማስቀደማቸው ነው። ድንገት መናከስ የጀመረ ውሻ ጥርሱን ወይም መገጣጠሚያውን ያመው ይሆናል፤ ቤት ውስጥ መሽናት የጀመረ ውሻ የፊኛ ወይም የኩላሊት ሕመም ሊኖርበት ይችላል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ብቻቸውን ሲቀሩ በጭንቀት ለሚታወኩ ውሾች ክሎሚፕራሚን የተባለውን መድኃኒት ሲፈቅድ፣ መርምሮ መድኃኒት የሚያዝዘው ባለሙያ ከአሰልጣኙ የሚለይበት መስመር ይበልጥ ግልጽ ሆነ።

ዛሬ የሚታወቁት ማረጋገጫዎች የተወለዱት በእነዚሁ ዓመታት ነው። በ1993 የአሜሪካ የእንስሳት ሕክምና ማኅበር ለጠባይ ሕክምና የስፔሻሊስቶች ኮሌጅ ዕውቅና ሰጠ፤ ማዕረጉን የሚያገኘው በእንስሳት ሕክምና ከተመረቀ በኋላ የስፔሻሊቲ ሥልጠና ወስዶ የቦርድ ፈተና ያለፈ ሐኪም ነው። የእንስሳት ጠባይ ማኅበር በበኩሉ በዘርፉ የዶክትሬት ወይም የማስተርስ ዲግሪና የመስክ ልምድ ላላቸው ተመራማሪዎች የራሱን ማረጋገጫ አዘጋጀ። አሰልጣኞቹም ዝም አላሉም። እንግሊዝ አገር የተወለደው የእንስሳት ሐኪም ኢያን ደንባር የባር ሃርበሩን ግኝት ሥራ ላይ አውሎ፣ ቡችሎች ያለ ማሰሪያ እየተጫወቱ የሚማሩበት ክፍል በካሊፎርኒያ ከፍቶ ነበር፤ በ1993 ደግሞ የአሰልጣኞችን ማኅበር መሠረተ። ከዚያ ማኅበር የወጣው የማረጋገጫ ምክር ቤት በ2001 የጽሑፍ ፈተና መስጠት ጀመረ። የመጀመሪያውን ደረጃ የሚፈልግ አሰልጣኝ ቢያንስ 300 ሰዓት የማሠልጠን ልምድ ማስመዝገብ፣ ማረጋገጫውንም በየሦስት ዓመቱ ማደስ ይጠበቅበታል። 300 ሰዓት ብዙ አይደለም፤ ሕግ ምንም በማይጠይቅበት መስክ ግን ሙያው በራሱ ላይ ያቆመው የመጀመሪያው ደፍ ነው።

ይህ ሁሉ በተደራጀ ማግሥት ቴሌቪዥን አሮጌውን ሐሳብ መልሶ አመጣው። ከ2004 ጀምሮ በናሽናል ጂኦግራፊክ ጣቢያ የቀረበው የሴሳር ሚላን ዝግጅት የመንጋ መሪነትን ትምህርት በሚሊዮኖች ቤት አስገባ። የእንስሳት ጠባይ ሐኪሞች ማኅበር በ2008 የበላይነትን ሐሳብ ለጠባይ ችግር ማስተካከያ መጠቀም እንደሚጎዳ የሚገልጽ የአቋም መግለጫ አወጣ። በዚያው ዓመት ስለ ቡችሎች ባወጣው ሌላ መግለጫ፣ ዕድሜያቸው ከሦስት ዓመት በታች ለሆኑ ውሾች ከተላላፊ በሽታዎች ይልቅ ቀዳሚው የሞት ምክንያት የጠባይ ችግር መሆኑን አስታወቀ፤ ባለቤት ተስፋ ቆርጦ የሚያስወግደው ወይም እንዲሞት የሚያስደርገው ውሻ ብዙ ነውና። በ2021 ደግሞ ለማንኛውም ሥልጠናና ለጠባይ ሕክምና በሽልማት ላይ የተመሠረቱ ዘዴዎች ብቻ እንዲሠራባቸው መከረ።

አሁን ያለው የሥራ ክፍፍል ከዚህ ታሪክ የወጣ ነው። መቀመጥን፣ ሲጠራ መምጣትን፣ ማሰሪያ ሳይጎትት መሄድን ማስተማር የአሰልጣኝ ሥራ ነው፤ ለዚህ ማረጋገጫ ያለውና የሚያስተምርበትን ክፍል አስቀድሞ ለማሳየት የማያመነታ ሰው ይበቃል። መናከስ፣ ከባድ ፍርሃት፣ ብቻን ሲቀሩ በርና መስኮት መቧጨር የመሳሰሉት ግን መጀመሪያ ወደ መደበኛው የእንስሳት ሐኪም መቅረብ አለባቸው። ሐኪሙ ሕመም አለመኖሩን ካጣራ በኋላ ወደ ጠባይ ስፔሻሊስት ወይም የእንስሳት ጠባይ ማኅበር ማረጋገጫ ወዳለው ባለሙያ ይመራል። አሰልጣኝ በሽታ መሰየምም ሆነ መድኃኒት ማዘዝ አይችልም፤ ይህ በየክፍለ ግዛቱ ሕግ ለሐኪም ብቻ የተተወ ነው። የማረጋገጫ ምክር ቤቱና የሌሎች ማኅበራት የሥነ ምግባር ደንብ አባላት የውጤት ዋስትና እንዳይሰጡ ይከለክላል፤ ስለዚህ «ውሻህን በሁለት ሳምንት አድንልሃለሁ፣ ካልሆነ ገንዘብህን እመልሳለሁ» የሚል ሰው የሙያው ደንብ የማይፈቅደውን ቃል እየገባ ነው። ውሻው ሲሳሳት ምን እንደሚያደርግ ተጠይቆ በግልጽ የማይመልስ ሰውም ውሻ ሊሰጠው አይገባም።

ችግሩ የስፔሻሊስቶቹ ቁጥር አነስተኛ መሆኑ ነው። የቦርድ ማረጋገጫ ያላቸው የጠባይ ሐኪሞች በጠቅላላው መቶ ገደማ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹም በትልልቅ ከተሞችና በዩኒቨርሲቲዎች ዙሪያ ይሠራሉ። ከእነሱ ርቆ የሚኖር ባለቤት የሚያገኘው እርዳታ ብዙውን ጊዜ በመደበኛው ሐኪም በኩል ነው፦ ሐኪሙ ውሻውን በአካል መርምሮ፣ የጠባዩን ታሪክና የተቀረጸ ቪዲዮ ለስፔሻሊስቱ ይልካል፣ ምክሩን በስልክ ወይም በጽሑፍ ይቀበላል፣ መድኃኒት ካስፈለገም ራሱ ያዝዛል፤ የዕለት ተዕለቱን ልምምድ ደግሞ በአቅራቢያ ያለ ማረጋገጫ የያዘ አሰልጣኝ ከቤተሰቡ ጋር ያከናውናል።