የአንኮበር በር

ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አንኮበር ስሟ «የአንኮ በር» ከሚለው እንደመጣ ይነገራል። ጎብኚዎች ተራራዋ ላይ የሚወጡት የአፄ ምኒልክን ቤተ መንግሥት ፍርስራሽና ከታች የተዘረጋውን የአፋር ቆላ ለማየት ነው።

ለእኛ ግን ሌላም ታሪክ አላት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1839 እ.ኤ.አ.፣ ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ክራፕፍ ወደዚህ መጥተው ኦሮምኛ ተማሩ፤ ወንጌልንም መተርጎም ጀመሩ። በ1842 ከሸዋ ወጡ፤ ለመመለስ ቢሞክሩም በሩ ተዘጋባቸው። ወደ ሞምባሳ ሄደው ስዋሂሊ አጠኑ፤ በ1849 የኬንያን ተራራ ያዩ የመጀመሪያው አውሮፓዊ ሆኑ። ኦሮምኛውን ግን አልተዉትም። ደብተራ ዘነብ የተረጎሙትን የኦሮምኛ አዲስ ኪዳን አዘጋጅተው በ1876 አሳተሙ፤ ይህም ከሸዋ በወጡ በ34ኛው ዓመት ነው።

ወጣቶች፣ አንኮበር ስትወጡ ይህን አስቡ፦ የተዘጋ በር የተጀመረን ሥራ አያስቀርም።