ቅርስና መኖሪያ ቤት፤ ከኢዲዶ እስከ አራዳ

ሰው በበዛበት ከተማ ሁለት ድምፅ ይሰማል። አንዱ «ያባቶቻችን ሥራ አይፍረስ» ይላል፤ ሁለተኛው «ልጆቻችን የሚያድሩበት ይሠራ» ይላል። ሁለቱም እውነት ይዘዋል። ነገር ግን በአገራችን ከተሞች ክርክሩ በተነሣ ቁጥር፣ አንዱን ለማግኘት ሌላውን ማጣት ግድ የሆነ ይመስል፣ ሁለቱ እንደ ባላንጣ ይቀርባሉ። እኛ የታሪክን ምስክርነት ስንመረምር ነገሩን እንዲህ ሆኖ አላገኘነውም። ምስክራችንንም ከባሕር ማዶ አናመጣም፤ ከጌዴኦ ምድር እንጀምራለን።

ከዲላ ተነሥቶ በወናጎ በኩል ወደ ይርጋ ጨፌ የሚጓዝ መንገደኛ ግራና ቀኙን ሲመለከት ጫካ እንጂ መንደር ያየ አይመስለውም። በይርጋ ጨፌ አጠገብ፣ በቡናዋ ስሟ በታወቀው በኢዲዶም የሚታየው ይኸው ነው። ከላይ ረጃጅም ዛፎች ጥላቸውን ዘርግተዋል፤ ከዛፎቹ በታች እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋራ ቡና፣ በመካከሉም የሰው ቤት አለ። ያ ጫካ የመሰለው ሁሉ የሰው እጅ ተክሎ ያሳደገው ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የጌዴኦ ዞን ነዋሪ 847,434 ነበር፤ ይህም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 700 ሰው ማለት ነው። ይህን ያህል ሕዝብ በገጠር ተጠጋግቶ የሚኖርበት ስፍራ በአገራችን ጥቂት ነው።

የጥንቱም ሥራ የሚገኘው ከዚሁ ሕዝብ መካከል ነው። በጨልባ ቱቲቲ ከሺህ የሚበልጡ የተጠረቡ ድንጋዮች፣ አንዳንዶቹ ቆመው፣ ብዙዎቹ ወድቀው ይታያሉ። በሳካሮ ሶዶ የተደረገው ጥናት የዚያ ስፍራ ሐውልቶች ዕድሜ ወደ 2,000 ዓመት እንደሚጠጋ አስረድቷል። በቱቶ ፈላ ደግሞ ፈረንሳዊው ተመራማሪ ሮዤ ዡሶም ያጠናው መካነ መቃብር የሚያስደንቅ ነገር አሳይቷል። በዚያ ስፍራ ኋለኞቹ ሰዎች ሙታናቸውን የቀበሩት ከፊተኞቹ መቃብር በላይ ነበር፤ ከቀደሙት ሐውልቶችም አንዳንዶቹን እንደ ገና ጠርበው የሰው መልክ አወጡባቸው። የቀደመውን ከስፍራው አልጣሉትም፤ የራሳቸውን ጨመሩበት እንጂ።

ሽማግሌዎች በሶንጎ እየተቀመጡ ሲመክሩ፣ የሥርዐት ደኖችን ከምሳር ሲጠብቁ፣ ሐውልቶቹንም ሲያከብሩ ኖረዋል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በሪያድ በተደረገው ጉባኤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የተጻፈው በዚህ የተነሣ ነው። ልብ እንበል፤ የተመዘገበው ሰው የለቀቀው ፍርስራሽ አይደለም፤ ሕዝብ ተጠጋግቶ የሚኖርበት፣ የሚያርስበትና የሚወልድበት ምድር ነው።

«ይህ የገጠር ነገር ነው፤ የከተማ ጣጣ ሌላ ነው» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እንግዲያስ ወደ ሐረር እንሂድ። በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ባሠሩት ግንብ የተከበበው ጀጎል ስፋቱ 48 ሄክታር ያህል ብቻ ነው። በዚያች ጠባብ ቦታ 82 መስጊዶችና 102 አድባራተ ቅዱሳን ይቆጠራሉ፤ ቤቶቹም ግድግዳ ለግድግዳ ተደጋግፈው፣ በቀጫጭን መንገዶች ተለያይተው ቆመዋል። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሲባል ሰዎች ተጠጋግተው መኖራቸው ቅርስነቱን አልቀነሰበትም፤ እንዲያውም የከተማይቱ መልክ ራሱ ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። በአራዳ ዙሪያ፣ በኋላ ፒያሳ በተባለው ሰፈር፣ ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የአገራችን፣ የአርመንና የህንድ ባለሙያዎች እጅ ያረፈባቸው የእንጨትና የድንጋይ ቤቶች ተሠርተው ነበር። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራዩ ዝቅ በማለቱ ድኻው መጠለያ አገኘ፤ ይህ የማይካድ ጥቅም ነው። ነገር ግን ኪራዩ ለማደሻ አልበቃም፤ ተከራዩም የራሱ ላልሆነ ቤት ገንዘቡን ለማውጣት ሠጋ። ስለዚህ ቤቱ በቁሙ አረጀ። አንድ ባለጸጋ የኖረበት አዳራሽ በኮምፔርሳቶ እየተከፈለ የብዙ ቤተ ሰብ ማደሪያ ሆነ፤ መጸዳጃውም ለጓሮው ሁሉ አንድ ነበር።

ስለዚህ «ቅርስ ይጠበቅ» የሚለው ሰው በዚያ በሚያፈስ ጣሪያ ሥር አድሮ የማያውቅ እንደ ሆነ ቃሉ ጎደሎ መሆኑን መቀበል ይገባናል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሰፊው የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት ሥራም ይህን ችግር ለማቃለል የታሰበ ነበር፤ ብዙዎቹ ሕንፃዎች ግን በከተማው ዳርቻ ተሠሩ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ዶሮ ማነቂያና በፒያሳ ዙሪያ የነበሩ ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ፣ ነዋሪዎቹ ወደ ሩቅ ሰፈሮች ተዛወሩ። መንገዱ ሰፍቷል፤ የተሻለ ክፍል ያገኘም አለ። ነገር ግን እድሩ፣ ጉርብትናውና የዕለት እንጀራ የሚገኝበት ደጅ በጭነት መኪና ተጭኖ የሚሄድ ዕቃ አይደለም። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ሥራ ጭምር ነው።

ይህን ሁሉ ያነሣነው ለዲላና እንደ እርሷ ላሉ ከተሞች ጊዜው ገና ስላላለፈ ነው። ዲላ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ59,000 በላይ ነዋሪ ነበራት፤ የቡናው ንግድና ዩኒቨርሲቲው ሰው እየሳቡባት ነው። ከተማይቱ ወደ ጎን ብቻ ብትሰፋ የምትበላው የቡናና የእንሰት መሬት ነው፤ ማዕከሏን አፍርሳ ብቻ ብታድግ ደግሞ ያለፈ ዘመኗን የሚናገርላት ታጣለች። መካከለኛው መንገድ ግን በደጇ ይገኛል። የኢዲዶ ገበሬ መሬት ሲጠበው ዛፉን ቆርጦ ቡና፣ ቡናውን ነቅሎ እንሰት አልተከለም፤ በእርከን አንዱን ከሌላው ጋራ አኖረ እንጂ። ከተማም እንዲሁ ባዶና አጉል የተያዘውን ቦታ አስቀድሞ ወደ ላይ ሊሠራበት፣ ጥሩውን አሮጌ ቤት ጠግኖ ከአዲሱ ጎን ሊያኖር ይችላል።

ሕግ አላጣንም፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ደንግጓል። ከእኛ ከሠራተኞቹ የሚጠበቀው መዝገቡ ከማፍረሻው መኪና እንዲቀድም ማድረግ ነው። የትኛው ቤት ይቆይ፣ የትኛው ይፍረስ ብሎ ከመወሰን አስቀድሞ በየሰፈሩ ተዘዋውሮ መጻፍ፣ በቤቱ የሚያድረውንም ሰው መጠየቅ ይገባል። የጌዴኦ ሽማግሌዎች በሶንጎ ሳይመክሩ የሥርዐቱን ደን አይነኩም፤ እኛ ባለ ብዕርና ባለ ማኅተም ሆነን ሳለ ከእነርሱ ባነሰ ጥንቃቄ ብንሠራ ልጆቻችን ይታዘቡናል።