ከጓዳ እስከ ገበያ፦ የቡኢ ማዕድ ታሪክ

«ባልትና» የተባለው ቃል ዛሬ ከሱቅ በር በላይ ተጽፎ ይታያል፤ በከረጢት የታሸገ በርበሬን፣ ሽሮንና ድርቆሽን ያመለክታል። ቀድሞ ግን ቃሉ የዕቃ ሳይሆን የችሎታ መጠሪያ ነበር። ባልትና ያላት ሴት ስትባል ቅመሙን መጥና፣ እሳቱን ለክታ፣ ከጥቂቱ ብዙ የምታበረክተዋ ናት። አንድ ቃል ከሰው ላይ ተነሥቶ በዕቃ ላይ ማረፉ የቋንቋ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የኑሮ ለውጥ ታሪክ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ፣ ከጥያ ትክል ድንጋዮች አልፋ የምትገኘው የሶዶ ከተማ ቡኢ ይህን ታሪክ አጉልታ ታሳያለች።

ተዘጋጅቶ የሚቆይ ምግብ ከፋብሪካ ጋር የመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር ምግብን በጠርሙስ አሽጎና ቀቅሎ በማቆየት ዘዴው ከመንግሥቱ ሽልማት የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1810 ሲሆን፣ ለጦር ኃይሉ ስንቅ ማስፈለጉም ሥራውን አበረታቶት ነበር። የኢትዮጵያ እናቶችም በበኩላቸው ለዘማቹና ለመንገደኛው በሶ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣና ዳቦ ቆሎ ሲሰንቁ ኖረዋል። ልዩነቱ በዚያ ሥራው ወደ ፋብሪካ ሲገባ፣ በዚህ ከጓዳ ሳይወጣ መቆየቱ ነው።

በጉራጌ አገር ይህ ጥበብ ጎልቶ የሚታየው በእንሰት ላይ ነው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ ርእስ ላይ ሕዝቡን «የእንሰት ባህል ሕዝብ» ማለቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። እንሰት ተተክሎ ለምግብ እስኪደርስ፣ እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ ጠባይ፣ ከ4 እስከ 7 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ሲደርስ ይነቀልና ይፋቃል፤ ሥሩ ይከተከታል፤ ከተጨመቀው ፈሳሽ ነጩ ቡላ ይዘቅጣል፤ የቀረው በኮባ በተለበጠ ጉድጓድ ተቀብሮ ይብላላል። በዚያም ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። እንግዳ በድንገት ቢመጣ ወይም ዝናብ ቢቀር ከጉድጓዱ ወጥቶ፣ ተጨምቆና ተከትፎ በምጣድ ላይ ይጋገራል። ስለዚህ የሶዶ ገበሬ ከፋብሪካ አስቀድሞ የተዘጋጀ ምግብ በጓሮው ነበረው።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ የማን ጉልበት ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል። መትከሉ የወንዱ፣ መፋቁና ማብላላቱ የሴቷ ድርሻ ሆኖ ኖሯል። ሴቶች ተጠራርተው በኅብረት ይፍቃሉ፤ ላም ያነሳቻቸውም በቅቤ ዕቁብ እየተረዳዱ ለመስቀል ይዘጋጃሉ። ከከተማ የተመለሰው አባወራ የሚገዛው በሬ በአንድ ቀን ይታረዳል። በጣባ የሚቀርበው ክትፎ ግን ያለ ቅቤው፣ ያለ አይቡ፣ ያለ ሚጥሚጣውና ያለ ቆጮው ክትፎ አይሆንም፤ እነዚህም የወራት የሴት ሥራ ናቸው። በዓሉን የሚያደምቀው ወንዱ ይዞት የመጣው ገንዘብ ቢመስልም፣ ማዕዱን የሚያቆመው አስቀድሞ የተከማቸው የሴት ድካም ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህ የጉራጌ ሰው ለጉልበት ሥራና ለንግድ ወደ ከተማዋ ጎረፈ። በዚያን ዘመን ምግብን በገንዘብ ገዝቶ መብላት እንደ ነውር ይታይ ነበር። እቴጌ ጣይቱ በ1890ዎቹ ማብቂያ ሆቴል ሲከፍቱ ተመጋቢ ጠፍቶ፣ ዐፄ ምኒልክ መኳንንታቸውን ይዘው በልተውና ከፍለው ሰዉን አስለመዱት ተብሎ ይተረካል። መኳንንቱ ነውሩን የተዉት በንጉሥ ምክር ቢሆንም፣ ሚስቱን በአገር ቤት ትቶ የመጣው ሠራተኛ ግን በችግር ተወው። በ1950ዎቹ ደግሞ ሕዝቡ ገንዘብ እያዋጣ ከዓለም ገና በቡኢና በቡታጅራ በኩል የሚያልፈውን መንገድ ለማሠራት ተነሣ። መንገዱ ሰውንም ገበያንም አቀራረበ፤ በኮባ የተጠቀለለው ቆጮ በመኪና ተጭኖ ወደ ከተማ ወጣ። በአዲስ አበባም ክትፎ ቤቶች በዙ፤ ከዓመት አንድ ጊዜ ይናፈቅ የነበረው የመስቀል ማዕድ ገንዘብ ላለው ሁሉ የዘወትር ምሳ ሆነ። በኋላም እንጀራ ራሱ ተጋግሮ በአውሮፕላን ባሕር ማዶ ይሄድ ጀመር፤ በ1998 ዓ.ም. የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ ሲታገድ እንኳ የተጋገረው እንጀራ ጉዞውን አላቋረጠም።

እንግዲህ ክትፎ ቤቱንና የታሸገውን ሽሮ የባህል ጠላት አድርጎ መክሰስ ቀላል ነው፤ ፍትሕ ግን አይሆንም። ከሳሹ ብዙውን ጊዜ በልቶ የሚያደንቀው እንጂ እንሰት ሲፍቅ ወገቡ የጎበጠው አይደለም። የሚገዛው ቆጮም ቢሆን ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ያንኑ ሥራ የሠራች ሌላ ሴት አለችበት። ድካሟ ቀድሞ ያለ ዋጋ ነበር፤ በገበያ ዋጋ ማግኘቱ እንደ ውድቀት ሊቆጠር አይገባም።

የሚያሠጋው ሌላ ነው። የቡኢ ልጅ ትምህርት ቤት በመግባቷ ሊያዝን የሚገባው ማንም የለም፤ የሚያሳዝነው በጓዳው የተወችውን ቦታ ወንድሟ አለመያዙ ነው። እናቲቱ የምታውቀው የጉድጓዱ ጥልቀት፣ የመብላላቱ ጊዜና የቅቤው አነጣጠር በመጽሐፍ አልሰፈረም፤ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ነው። ተቀባይ እጅ ሲጠፋ ገዢው የሚገዛውን መመዘን፣ ሻጩም የሚሸጠውን ማክበር ይሳነዋል።

ስለዚህ ጥያቄው ቤት ይሠራ ወይስ ከገበያ ይገዛ የሚል ብቻ አይደለም። ባልትና በከረጢት ላይ ብቻ ተጽፎ እንዳይቀር፣ ሠሪዋ ተገቢ ዋጋዋን ልታገኝ፣ ዕውቀቷም ሴት ወንድ ሳይል ለልጆቿ ሊደርስ ይገባል። ያኔ ቆጮው ከጓሮ ቢወጣ ወይም ከገበያ ቢመጣ፣ ማዕዱ ባለቤት አያጣም።