ጥቁር ሰሌዳ ሳይደርስ፦ በአዋሽ ሸለቆ ወጣቶች ከትምህርት ቤት ውጭ የተማሩበት ታሪክ

ልጅን ከመደበኛ ትምህርት ቤት ውጭ፣ በቤተሰቡ ኃላፊነትና በራሱ በወጣቱ ምርጫ ማስተማር በምዕራቡ ዓለም የሚታወቅ ንቅናቄ የሆነው በቅርቡ ነው። ኢቫን ኢሊች እ.ኤ.አ. በ1971 ዓ.ም. ኅብረተሰቡ ትምህርትን ከትምህርት ቤት ብቸኛ ይዞታ እንዲያላቅቅ የሚሞግት መጽሐፍ አሳተመ፤ አሜሪካዊው መምህር ጆን ሆልትም እ.ኤ.አ. በ1977 ዓ.ም. ልጆቻቸውን በቤት ለሚያስተምሩ ወላጆች መጽሔት ማዘጋጀት ጀመረ። የሁለቱም ሐሳብ ትምህርት ቤቱ ሁሉን ይዞ ሊለቅ ባልፈለገበት አገር የተወለደ ነው። በአዋሽ ወንዝ መካከለኛና ታችኛ ሸለቆ፣ ዛሬ የአፋር ክልል በሆነው ምድር፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ወጣቱ ከየባለሙያው እየቃረመ፣ የሚያስፈልገውን በሚያስፈልገው ጊዜ እየተማረ ለዘመናት ከኖረ በኋላ ትምህርት ቤቱ በባቡር ሐዲድና በጥጥ እርሻ ዳር ዘግይቶ መጣ።

ለኢትዮጵያ እንዲህ ያለው ትምህርት እንግዳ አይደለም። በደገኛው ክርስቲያን ዘንድ የቆሎ ተማሪ ገና በጉርምስናው ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ፣ ዜማውን ከአንዱ፣ ቅኔውን ከሌላው፣ መጻሕፍቱን ከሦስተኛው መምህር እየፈለገ ከደብር ወደ ደብር ይዞር ነበር። በወሎ ሙስሊም ዘንድም ደረሳ፣ ማለትም የእስልምና ትምህርት ተማሪ፣ በየኪታቡ አዋቂ የሆነውን ሼህ እየተከተለ ይንከራተት ነበር። የሁለቱም የጉዞ መዳረሻ ግን መጽሐፍ ነው። የአፋር ወጣት ትምህርት ከእነዚህ የሚለየው በዚህ ነጥብ ሲሆን፣ ሰው፣ ከብትና መሬት የሚነበቡበት፣ መጽሐፍ ግን እምብዛም የማይገኝበት ትምህርት ነበር።

ትምህርቱ የሚጀምረው በቤት ነው። ሴት ልጅ ከእናቷ የዘንባባ ቅጠል ሰንጥቃ ሰሌን መሥራትን፣ ወተት መግፋትንና ደቦይታን መትከልና መንቀልን ትማራለች። ደቦይታ በታጠፉ እንጨቶች ላይ ሰሌን ለብሶ የሚቆም፣ ተነቅሎም በግመል የሚጫን ቤት ሲሆን፣ የሴቶች ሥራ በመሆኑ ቤተሰቡ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ልጅቷ ግንባታን እንደገና ትለማመዳለች። ወንዱ ከፍየል ጠባቂነት ወደ ከብትና ግመል ጠባቂነት ያድጋል፤ በአሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻም «ኢዶ» ወደሚባለው ሥራ ይገባል። ኢዶ ጎሳው ከመንቀሳቀሱ በፊት ጥቂት ብርቱ ሰዎች ተልከው የዝናቡን ስፋት፣ የሣሩን ዓይነትና ብዛት፣ የውሃውን ርቀት፣ የበሽታና የግጭት ሥጋትን አጣርተው የሚመለሱበት የግጦሽ ቅኝት ነው። የቃኚው ስህተት የብዙ ቤተሰቦችን ከብት ሊያስጨርስ ስለሚችል፣ ይህን የሚያህል ከባድ ፈተና የሚሰጥ ትምህርት ቤት ማግኘት ያስቸግራል።

ይሁን እንጂ የአፋርን የራስ ትምህርት ከሁሉ የሚገልጸው «ዳጉ» ነው። ዳጉ ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ቆመው ወይም ተቀምጠው የሚለዋወጡት የዜና ሥርዓት ሲሆን፣ ከሰላምታ አልፎ ዝናብ የት እንደጣለ፣ የትኛው መንደር እንደተንቀሳቀሰ፣ የገበያው ዋጋ፣ የከብት በሽታው፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተጣላና ምን ዓይነት እንግዳ ሰው እንደታየ በዝርዝር የሚነገርበት ነው። የሰማ ሰው ለሚቀጥለው ለሚያገኘው የማስተላለፍ ግዴታ አለበት፤ በዚህም ምክንያት ወሬው ስልክም ሆነ መኪና ባልነበረበት ዘመን በረሃውን ፈጥኖ ያቋርጥ ነበር። የዳጉ ጥንካሬ ግን በፍጥነቱ ብቻ አልነበረም። ተናጋሪው ያየውን ከሰማው ለይቶ መናገርና የሰማበትን ምንጭ መጥራት ይጠበቅበታል፤ ሐሰት ያሰራጨ ሰው ተአማኒነቱን ከማጣቱም በላይ በባህላዊው ሕግ ይጠየቃል። ስለዚህ በአዋቂዎች አጠገብ ተቀምጦ ዳጉ የሚያዳምጥ ጎረምሳ ዜናውን ብቻ ሳይሆን መጠየቅን፣ ማመሳከርን፣ በቅደም ተከተል ማስታወስንና በአደባባይ መናገርን አብሮ ይማራል። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የምርምር ዘዴ ተብሎ ከሚሰጠው ትምህርት ጥቂት የማይባለው ክፍል እዚያው በግራር ጥላ ሥር ይሰጥ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። እርግጥ በሩ ለሁሉም እኩል አልተከፈተም፤ ሩቅ መንገድና ገበያ የሚውለው ወንዱ በመሆኑ፣ ሴቷ በውሃ መቅጃና በጎረቤት ከምትለዋወጠው ወሬ በቀር ሰፊው ዳጉ የሚደርሳት በባሏ ወይም በወንድሟ በኩል ነበር።

የዕድሜ እኩዮችም የራሳቸው መማሪያ ነበራቸው። «ፊእማ» በተቀራራቢ ዕድሜ የሚገኙ ወጣቶች የሚታቀፉበት ማኅበር ሲሆን፣ ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ ይደራጃሉ፤ በመሪያቸው እየተዳኙም የጎሳውን ውሳኔ ያስፈጽማሉ፣ ጥፋተኛውን ይቀጣሉ፣ ችግረኛውን ይረዳሉ። ወጣቱ ሕግን የሚያውቀው በመጀመሪያ በእኩዮቹ ፊት በመቀጣት ወይም በመቅጣት ነው ማለት ነው። ከዚያ በላይ ያለው ዕውቀት፣ ማለትም ባህላዊው ሕግ ራሱ፣ የሚገኘው ሽማግሌዎች ክርክር በሚሰሙበት ሸንጎ ሲሆን፣ የቀደሙ ጉዳዮችና ፍርዶቻቸው በቃል ተይዘው ለአዲሱ ጉዳይ ማነጻጸሪያ ይሆናሉ። ብዙ ፍርድ ያስታወሰ ሰው በጊዜ ብዛት ዳኛ ስለሚሆን ትምህርቱ በጉርምስና አይቆምም፤ የመጨረሻ ክፍልም የለውም።

ጽሑፍ ጨርሶ አልነበረም ለማለት ግን አይቻልም። ኢማም ሙሐመድ ጋሳ እ.ኤ.አ. በ1577 ዓ.ም. የአዳልን መንግሥት መቀመጫ ከሐረር ወደ አውሳ ካዛወረ ጀምሮ፣ አዋሽ በሐይቆችና በረግረጎች ተበትኖ የሚቀርበት ያ የታችኛው ሸለቆ አገር ከእስልምና ትምህርት ጋር ትስስር ነበረው። ልጆች በእንጨት ሉሕ ላይ ቁርኣን እየጻፉና እያጠቡ ይማሩ ነበር። ሆኖም ዐረብኛው የሃይማኖትና የጥቂቶች የንግድ ቋንቋ ሆኖ ቆየ፤ አፋርኛ የራሱ የተለመደ ጽሕፈት አልነበረውም።

የባቡር ሐዲዱ ሲመጣ ሌላ ዓይነት ተማሪ ተፈጠረ። ከጅቡቲ የተነሣው መስመር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ፣ ሸለቆውን አቋርጦ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ በወንዙ ድልድይ አጠገብ የተቆረቆረችው የአዋሽ ጣቢያ፣ በኋላ አዋሽ ሰባት ኪሎ የተባለችው ከተማ፣ የአፋር፣ የከረዩ፣ የኢቱ፣ የአማራ፣ የሶማሌና የዐረብ ሰዎች መገናኛ ሆነች። አውሮፓውያኑ አሳሾች ኔስቢት በ1920 ዓ.ም.፣ ቴሲጀር በ1926 ዓ.ም. የአፋርን በረሃ ለማሰስ መነሻቸውን ያደረጉት ይህንኑ ጣቢያ ነው፤ ሁለቱም በጻፏቸው መጻሕፍት ስለ አፋር ጀግንነትና ጭካኔ ብዙ ቢሉም፣ አንድ ጎረምሳ አዋቂ ለሚሆንበት መንገድ የሰጡት ትኩረት ግን ትንሽ ነው። በጣቢያው ዙሪያ ያደገ ልጅ በበኩሉ ማንም ሳያስተምረው ከከብት ገበያው ሦስትና አራት ቋንቋ፣ ከነጋዴው ሒሳብ ያነሣ ነበር።

የዚህ ትምህርት ጉድለት በግልጽ የታየው በጥጥ ዘመን ነው። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በማንም ስም ያልተያዘን መሬት፣ የግጦሽ መሬትንም ጨምሮ፣ የመንግሥት ንብረት አድርጎ ደነገገ፤ በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በዚያው አሥርት ዓመት ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በተንዳሆና በዱብቲ፣ ሌሎችም በመካከለኛው አዋሽ በመስኖ ጥጥ ማልማት ጀመሩ። በበጋ ለከብቱ ብቸኛ መሸሸጊያ የነበረው የወንዙ ዳር እርሻ ሆነ። በሸለቆው ያለውን እያንዳንዱን ግራር የሚያውቅ፣ የሩቅ ዝናብን በዳጉ የሚያጣራ ሕዝብ መሬቱ የተወሰደበትን ካርታና ውል ግን ማንበብ አልቻለም፤ አንባቢ ቢኖረው ኖሮ ኩባንያዎቹን ይመልስ ነበር ማለት ባይቻልም፣ ቢያንስ ጉዳዩን በሚገባቸው ቋንቋ ይከራከር ነበር። የአውሳው ሱልጣን አሊ ሚራህ ሐንፈሬና በዙሪያቸው የነበሩት ይህን ቀድመው በመረዳት ራሳቸው ጥጥ አምራች ሆኑ፤ በአውሳም ብዙ አፋሮች እርሻንና የጥጥ ንግድን በጎልማሳነታቸው ተምረው ነበር፣ የ1967ቱ የመሬት አዋጅና የሱልጣኑ ስደት ያንን ጅምር እስኪያቋርጡት ድረስ።

ደርግ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አፋርኛን ከማስተማሪያዎቹ 15 ቋንቋዎች አንዱ አድርጎ በግዕዝ ፊደል አዘጋጀው። ዘመቻው በዓለም አቀፍ ደረጃ ቢሸለምም፣ ጣቢያ ተክሎ ሰዓት ወስኖ ተማሪን የሚጠብቅ በመሆኑ ከከብቱ ጋር ለሚሄደው ወጣት የተመቸ አልነበረም። በዚያው ዘመን ግን ዲሚስና ሬዶ የተባሉት የአፋር ምሁራን ከትምህርት ቤት ሥርዓቱ ውጭ ለቋንቋቸው የላቲን ጽሕፈት ቀርጸው ያስፋፉ ነበር። ጽሕፈቱ ለ«ዐ»ና ለ«ሐ» ድምፆች፣ እንዲሁም በአማርኛ ለሌለው የምላስ ጫፍ ወደ ኋላ ተጠቅልሎ ለሚነገረው የ«ደ» ድምፅ፣ ትርፍ የላቲን ፊደላትን መድቦ የሚሠራ ሲሆን፣ ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥና ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ የክልሉ የትምህርት ጽሕፈት ሆነ።

ከዚህ በኋላ የተሳካው ሥራ ሁሉ ለአሮጌው መንገድ እጁን የሰጠ ነው። አውስትራሊያዊቷ ነርስ ቫለሪ ብራውኒንግና ባለቤታቸው እስማኤል አሊ ጋርዶ ያቋቋሙትና በሎግያ የሚገኘው የአፋር አርብቶ አደሮች ልማት ማኅበር መምህሩን ከዚያው ኅብረተሰብ መርጦ፣ አሠልጥኖ፣ ከቤተሰቦቹ ጋር እንዲንቀሳቀስ አደረገ፤ ሰሌዳው በዛፍ ላይ ተሰቅሎ ትምህርቱ ከብቱ በማይሠማራበት ሰዓት ይሰጣል፣ ጎልማሶችና ጎረምሶችም አብረው ይቀመጣሉ። መንግሥት በበኩሉ ያስፋፋው አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት የአንደኛ ደረጃን የመጀመሪያ አራት ክፍሎች በሦስት ዓመት አጠቃሎ፣ «አመቻች» በሚባል የአካባቢው ሰው የሚሰጥና ጊዜው ከኅብረተሰቡ ጋር በመመካከር የሚወሰን ነው። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ቀጣዩ ክፍል ያለው በቆመ ትምህርት ቤት፣ አብዛኛውን ጊዜ በከተማ በመሆኑ፣ በተለይ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ ዘመድ ወደሌላት ከተማ ሄዳ ትምህርቷን ለመቀጠል ትቸገራለች።

በዚህ መካከል ሸለቆው ራሱ ለአባቶችም አዲስ የሆነ ትምህርት አመጣ። በደርግ ዘመን በመካከለኛው አዋሽ እርሻዎች ዙሪያ የተተከለው ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ እሾሃም ዛፍ ግጦሹን እየወረረ ሲስፋፋ፣ ስለ እርሱ የሚያስተምር ሽማግሌ አልነበረም። ፍሬው ሲበዛ የከብት ጥርስና ሆድ እንደሚጎዳ እረኞቹ በራሳቸው ከብት ላይ አይተው አወቁ፤ በገዋኔና በአሚባራም ዛፉን ቆርጦ ከሰል ማክሰል፣ ፍሬውን ፈጭቶ መኖ ማድረግ በማኅበራት ተደራጅተው የሚሠሩት ሥራ ሆነ፤ ከከሰሉ ሥራ ጋርም አገር በቀሉን ግራር አብሮ የመቁረጥ ጣጣ ተከተለ።

የክልሉ ርዕሰ ከተማ ከአይሳኢታ ወደ ሰመራ ሲዛወር ባዶ የነበረው ሜዳ ቢሮዎችን፣ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ዩኒቨርሲቲ አገኘ፤ ዳጉም የተመራማሪዎች ርዕሰ ጉዳይ ሆኖ በወረቀት መስፈር ጀመረ። ከሰመራ አጠገብ ባለችው ሎግያና በአዋሽ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚያልፈው የከባድ መኪና መንገድ ግን አሁንም ክፍል የሌለው የሙያ ትምህርት ቤት ነው። የመኪና «ረዳት» ሆኖ የሚገባ ጎረምሳ ጎማ ከመቀየርና ጭነት ከማሰር ተነሥቶ ሞተር መስማትን፣ ከጉምሩክና ከደላላ ጋር መነጋገርን፣ በአፋርኛ፣ በአማርኛ፣ በሶማልኛና በዐረብኛ መግባባትን በጥቂት ዓመታት ከሾፌሩ ይማራል። በሙያና ቴክኒክ ትምህርት ሥርዓቱ የተዘረጋው የብቃት ምዘና ሥልጠናን ባልተከታተለም ሰው ሊወሰድ የሚችል ሲሆን፣ መንጃ ፈቃድ ግን የክፍል ደረጃ ማስረጃ ስለሚጠይቅ፣ መሪውን ለመያዝ የበቃው ረዳት በማታ ትምህርት የጎደለውን ክፍል እስኪያሟላ ድረስ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ ይጓዛል።