ከዙበይዳ ምንጭ እስከ ባሮ ወንዝ

ምስጋና ሁሉ ውኃን የሕያው ነገር ሁሉ መነሻ ላደረገው አላህ (ሱ.ወ) ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ባለፈው ዓመት እዚሁ ጋምቤላ ከተማ ከመግሪብ ሶላት በኋላ አንድ አባት መስጂድ በር ላይ ጠበቁኝ። እኚህ ሰው በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ከወሎ ወደ ጋምቤላ በሰፈራ ከመጡት ቤተሰቦች የአንዱ ልጅ ናቸው። ኑሯቸው አቦቦ ነው። ሴት ልጃቸው ከተማ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ስትማር እኔ ዘንድ ቁርአን ቀርታለች።

«ኡስታዝ» አሉኝ፤ «ልጂቱ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመቷን ጨርሳ የምትቀጥልበትን ክፍል ልትመርጥ ነው። እኛ ሐኪም ትሆናለች ብለን ስንጠብቅ እርሷ ኢንቫይሮመንታል ኢንጂነሪንግ ትላለች። ምንድን ነው ብላት ስለ ውኃ፣ ስለ ፍሳሽ፣ ስለ ቆሻሻ ነው አለችኝ። ቆሻሻ ለመማር ይህን ሁሉ ዓመት? እርስዎን ትሰማለችና ይምከሩልኝ።»

ያን ምሽት መልስ አልነበረኝም። እኔ ራሴ ከመድረሳ ወጥቼ ሁለተኛ ደረጃ የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ የዚህን ትምህርት ስሙን እንጂ ምንነቱን አላውቅም ነበር። «ጋሼ፣ ሳይገባኝ ልጅን መምከር አማና ማጉደል ነው፤ ጥቂት ቀን ይስጡኝ» አልኳቸው። ከዚያም ያገኘሁትን አነበብኩ፤ በውኃ ሥራ ላይ ያሉ ወንድሞችንም ጠየቅኩ። እንደርሳቸው የሚጨነቁ ወላጆች ብዙ ናቸውና ለእርሳቸው የነገርኳቸውን እዚህ አቀርበዋለሁ።

ሐኪም የታመመውን ያክማል። ኢንቫይሮመንታል ኢንጂነር ግን ሰው ከመታመሙ በፊት የሚደርስ ባለሙያ ነው። ንጹሕ ውኃ ከየት ተቀድቶ፣ እንዴት ተጣርቶ፣ በየትኛው ቧንቧ ለሕዝብ እንደሚደርስ ያቅዳል። የሽንት ቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ወንዝ ሳያበላሽ፣ ደረቅ ቆሻሻም ሰፈር ሳይመርዝ የሚወገድበትን መንገድ ይቀይሳል። በአገራችን ትምህርቱ የመጀመሪያውን የጋራ ዓመት ጨምሮ አምስት ዓመት ይወስዳል። ተማሪው በመጀመሪያ ሒሳብ፣ ኬሚስትሪና የውኃ አወራረድ ሕግ ይማራል። ስለ ጥቃቅን ተሕዋስያን ካጠና በኋላም ወደ ውኃ ማጣራት፣ ወደ ፍሳሽ፣ ወደ አየር ብክለትና አንድ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚያስከትለውን ጉዳት ወደ መገምገም ያልፋል። በመካከሉ ከክፍል ወጥቶ በሥራ ቦታ ይለማመዳል።

ይህ ዕውቀት ለሙስሊሙ እንግዳ ነውን? አይደለም። ልጆቻችን ፊቅህ ሲጀምሩ የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ጠሃራ ነው፤ የጠሃራ መጀመሪያ ደግሞ ውኃ ነው። ገና በልጅነታችን ውኃ በነጃሳ ምክንያት ቀለሙ፣ ጣዕሙ ወይም ሽታው ከተለወጠ እንደማይሆን ተምረናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በማይፈስ ውኃ ላይ መሽናትን ከልክለዋል። ውኃ በሚቀዳበት ስፍራ፣ በሰው መንገድና በጥላ ሥር መጸዳዳት እርግማን የሚያመጣ ተግባር መሆኑንም አስጠንቅቀዋል። መዲና ውስጥ ሙስሊሞች የሚጠጡት ጣፋጭ ውኃ በተቸገሩ ጊዜ ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ) የሩማን ጉድጓድ በገንዘባቸው ገዝተው ለሕዝቡ ሰጥተዋል።

በመድረሳ ከምናስተምራቸው ጉዳዮች አንዱ ደግሞ «ሐሪም» ነው። ጉድጓድ የቆፈረ ሰው በዙሪያው ሌላ ሰው የማይነካው የተከበረ ስፍራ አለው። በመሠረቱ ይህ የጉድጓዱ ባለቤት መብት እንዲጠበቅና ውኃው እንዳይጎድል የታሰበ ነው። ፉቀሃዎች ግን በዚህ ሳይወሰኑ የጎረቤትን ጉድጓድ የሚያበላሽ የሽንት ቤት ጉድጓድ ስለ መቆፈርም ተነጋግረዋል። የዛሬው ኢንጂነር ሽንት ቤት ከመጠጥ ውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ ሲል ሐሪምን በሜትርና በአፈር ምርመራ እያሰላ ነው።

በታሪክ ከዚህ ሥራ ሁሉ ጎልቶ የሚታየው የዙበይዳ ነው። ዙበይዳ የአባሲዩ ኸሊፋ የሐሩን አል ረሺድ ባለቤት ስትሆን በ216 ዓመተ ሂጅራ አርፋለች። ሑጃጆች በመካ በውኃ ጥም ሲሰቃዩ አይታ መሐንዲሶች ሰበሰበች። ከሑነይን በኩልና በዐረፋ አቅራቢያ ካለው ከኑዕማን ሸለቆ ውኃው በድንጋይ ቦይ ተራራውን ታክኮ እንዲመጣ አደረገች። ከአንድ ሚሊዮን ዲናር በላይ እንደወጣበት ይነገራል። «ዓይነ ዙበይዳ» ተብሎ የሚታወቀው ይህ ውኃ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሑጃጆችን አጠጥቷል። ገንዘቡ የዙበይዳ ነበር፤ ቁልቁለቱን ለክቶ ውኃውን ያስኬደው ግን የመሐንዲሶቹ ዕውቀት ነው። ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላም የሒሳብ ሊቁ አቡ በክር አል ከረጂ የተደበቀ የከርሰ ምድር ውኃ እንዴት እንደሚፈለግና እንደሚወጣ የሚያስተምር መጽሐፍ ጽፏል። ይህ ሰው ዕውቀቱን ወደ ጉድጓድ ሥራ ሲያወርድ ክብሩ አልቀነሰም።

ወደ አገራችን ስንመለስ የዚህ ሙያ አባት ልንለው የምንችለው ሳኒታሪያኑ ነው። በ1945 እና በ1946 ዓ.ም. አካባቢ በጎንደር ደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ያሰለጠነው ጤና መኮንን ብቻ አልነበረም። ከጤና መኮንኑ ጎን የኮሚኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን ተቀመጡ። የሳኒታሪያኑ ድርሻ ምንጭ ማጎልበት፣ ሽንት ቤት ማስቆፈርና ረግረግ ማድረቅ ነበር። የጤና ጣቢያው ሥራ ያለ እርሱ ጎደሎ መሆኑን የዚያ ዘመን ሰዎች ተረድተዋል።

ከዚያም በ1979 ዓ.ም. የአርባ ምንጭ የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት ያደገው ይህ ተቋም የውኃ አቅርቦትንና ኢንቫይሮመንታል ኢንጂነሪንግን በአንድ ክፍል ያስተምራል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የተነሳው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ለዚህ ሙያ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። በሌላ በኩል በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 ትልልቅ ሥራዎች ከመጀመራቸው በፊት በአካባቢ ላይ የሚያመጡት ጉዳት እንዲገመገም አዟል። ስለዚህ ሙያው በሕግም ተፈላጊ ሆኗል።

አሁን ወደ ራሳችን ደጅ እንምጣ። ጋምቤላ በውኃ አልተበደለችም። ባሮ ከኢሉባቦር ደጋ ወርዶ ከተማችንን አቋርጦ ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ሶባት ይሆናል፤ ሶባትም ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። በአገራችን መርከብ ይሄድበት የነበረው ወንዝ እርሱ ነው። በ1894 ዓ.ም. በተደረገው ውል ዳግማዊ ምኒልክ ለእንግሊዞች በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲያቋቁሙ ፈቀዱ። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተቋቁሞ በክረምት ወንዙ ሲሞላ መርከብ ከካርቱም እየመጣ የጎሬንና የወለጋን ቡና ይጭን ነበር። ስፍራው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላ በ1949 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን የባሮ ውኃ ከፍታ በመለኪያ እየታየ ይመዘገብ ነበር። ዋናው ጭንቀት ግን መርከቧ መሬት እንዳትነካ ነበር እንጂ ከዚያው ወንዝ በእንስራ የምትቀዳው እናት የምትጠጣው አልነበረም።

በደርግ ዘመን ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ አቦቦ ላይ በአልዌሮ ወንዝ ግድብ ተሠራ። ከ10 ሺ ሄክታር በላይ ያለማል ተብሎ ታቅዶ ነበር። ግድቡ ቆመ፤ መስኖው ግን ለብዙ ዓመታት ሳይዘረጋ ቀረ። ውኃ ማቆም አንድ ነገር ነው፤ ውኃን ለሰው ጥቅም ማድረስ ሌላ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው የ2006 ዓ.ም. ክረምት ነው። በደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲነሳ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ክልላችን ተሰደዱ። ከመጠለያዎቹ አንዱ በላሬ ወረዳ የሚገኘው ሌይችዎር ሲሆን ወደ 50 ሺ የሚጠጋ ሰው አስጠልሎ ነበር። ስፍራው ሜዳማ የጎርፍ መተኛ ነበርና ደጋው ሲዘንብና ባሮ ሲሞላ መጠለያው በውኃ ተዋጠ። ድንኳኑም ሽንት ቤቱም በአንድ ላይ ሰጠመ። በዚያው ዓመት ከሚያዝያ ጀምሮ ሄፓታይተስ ኢ የሚባለው የጉበት በሽታ በክልሉ መጠለያዎች ተነስቶ ነበር። ይህ በሽታ የሰው ዓይነ ምድር በነካው ውኃ ይተላለፋል፤ በተለይ ነፍሰ ጡሮችን ይገድላል። እስከ ጥር 2007 ዓ.ም. ድረስ ከ1,100 በላይ በበሽታው የተጠረጠሩ ሰዎች ተመዝግበው 21 ሰዎች ሞተዋል። አብዛኞቹ ታማሚዎች የሌይችዎር ነበሩ። በ2007 ዓ.ም. ሰዎቹ በከተማችን አቅራቢያ ወዳለው ወደ ጀዊ ተዛወሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። የኑዌር ከብት አርቢ ክረምት ሲገባ ከብቱን ወደ ከፍተኛ መሬት ያወጣል፤ አኙዋኩ ጎርፉ ሲሸሽ የወንዙን ዳር ያርሳል። አገሩ ጎርፉን ያውቀዋል። ይህን ዕውቀት ከካርታና ከመለኪያ ጋር አገናኝቶ «እዚህ አትስፈሩ፣ ጉድጓዱን እዚያ ቆፍሩ» የሚል የአገሩ ልጅ የሆነ መሐንዲስ ግን ያስፈልጋል።

ሌላም አለ። በመድረሳ የተማርናቸው ሦስቱ ምልክቶች፣ ማለትም ቀለም፣ ጣዕምና ሽታ፣ ውኃው ለውዱእ ጠሂር መሆኑን ይነግሩናል። ሄፓታይተስ ኢን የተሸከመ ውኃ ግን ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል። ለኢባዳ የበቃ ውኃ ሁሉ ለልጅ ጉሮሮ የበቃ አይደለም። ይህን የሚለየው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው፤ የሚያስተካክለውም ማጣሪያና ክሎሪን ነው። ዲናችን ነፍስን መጠበቅን ግዴታ ካደረገ ወደዚያ የሚያደርሰውን ዕውቀት መያዝም ከግዴታው ይቆጠራል።

ተስፋ የሚሰጥም ምሳሌ አለን። ከዚያ መከራ በኋላ በኢታንግ በባሮ ዳር ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው ውኃው በቧንቧ ለስደተኞቹም ለአካባቢው ነዋሪም በአንድ መስመር እንዲደርስ ተደረገ። ቀደም ሲል በመኪና ይመላለስ የነበረው ውኃ በቧንቧ ተተካ። እንግዳውና ባለአገሩ ከአንድ ምንጭ መጠጣታቸው ለጎረቤትነትም ይረዳል።

ኢማም አል ገዛሊ በኢሕያእ ሕክምናና ሒሳብን ከፈርዱ ኪፋያ ይቆጥራሉ። በዘመናቸው ሙስሊም ሐኪም የሌላቸው ከተሞች እያሉ ተማሪው ሁሉ ወደ አንድ ዓይነት ዕውቀት መጉረፉንም አጥብቀው ነቅፈዋል። ፈርዱ ኪፋያ ማለት የተወሰኑ ሰዎች ከፈጸሙት ከሌላው የሚነሳ፣ ማንም ካልፈጸመው ግን ሁሉም የሚጠየቅበት ግዴታ ነው። በእኛ ክልል ንጹሕ ውኃ አጥቶ ሕፃን ሲሞት የሚጠየቀው ማን ነው ብለን እንጠይቅ።

ይህን ሁሉ ለእኚያ አባት ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። ከዚያም ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ፦

«በሰፈራ በገባን በመጀመሪያው ክረምት ታናሽ ወንድሜን ቀበርነው። ተቅማጥ ነበር። ሐኪም ነበር፤ መድኃኒትም ሰጥቶን ነበር። እናቴ መድኃኒቱን የሰጠችው ግን በዚያው በኩሬው ውኃ ነው።»

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ትማር» አሉ።

ልጂቱ የመረጠችውን ጀምራለች። እኔ የመከርኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኒያዋን እንድታስተካክል። ሰዕድ ኢብኑ ዑባዳ (ረ.ዐ) ስለ ሟች እናታቸው የትኛው ሶደቃ እንደሚበልጥ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠይቁ ውኃ እንደሆነ ተነግሯቸው ጉድጓድ አስቆፍረዋል። ይህን አስባ የተማረች ልጅ የምትዘረጋው ቧንቧ ሁሉ ለእርሷም ለወላጆቿም ሶደቀቱ ጃሪያ ይሆናል፤ ኢንሻአላህ።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ ይህን መንገድ ሲመርጡ ነጥብ ያነሳቸው ወይም ክብር የቀረባቸው አይምሰላችሁ። ሐኪም ያስፈልገናል፤ አልሐምዱሊላህ፣ ልጆቻችን ወደዚያም እየገቡ ነው። ሐኪሙ ደጅ የሚሰለፈውን ሕመምተኛ የሚቀንስ ሰውም ከቤታችን ይውጣ።

አላህ (ሱ.ወ) ጠቃሚ ዕውቀትን ይስጠን፤ በምናውቀውም የምንሠራ ያድርገን። አሚን።