ካርታ የሌለው ውሃ አይጠጣም?

ማርቆስም ይሁን ሌላ የአገራችን ከተማ፣ ዳር ላይ ቤት የሠራ ሰው «የውሃ መስመር ይቀጠልልኝ» ብሎ ሲያመለክት መጀመሪያ የሚጠየቀው ምን ይመስላችኋል? «ስንት ቤተሰብ ናችሁ?» አይባልም። «ዋናው መስመር ከቤትህ ስንት ሜትር ይርቃል?» የሚለውም ቆይቶ የሚመጣ ጥያቄ ነው። በአብዛኛው ቀዳሚው «ካርታ አለህ?» ነው። ግን ውሃና ካርታን ማን አጋባቸው? እስቲ ወደ ኋላ መለስ ብለን ታሪኩን እንየው (ዓመቶቹ በሙሉ በእኛው አቆጣጠር ናቸው)።

ደብረ ማርቆስ ድሮ መንቆረር ነበረች። የቆረቆሯት ደጃዝማች ተድላ ጓሉ ናቸው። ራስ አዳል በ1873 ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምን ዘውድ ሲጭኑ መዲናቸው ሆነች፤ የዛሬ ስሟንም ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን አገኘች። በዚያ ዘመን ውሃ ከምንጭና ከወንዝ በእንስራ፣ በሴቶች ጀርባ ይመጣ ነበር። ለመቅዳት የሚጻፍ ማመልከቻ የለም። ሥርዓት ግን ነበር። በገጠሩ መስኖ የሚጠቀሙ ገበሬዎች «የውሃ አባት» ይመርጣሉ። እሱ ተራ ያስከብራል፣ የተጣሉትን ያስታርቃል፣ ከቦይ ጠረጋ የቀረውን ያስቀጣል። መቼም የመስኖ ውሃም ማሳ ላለው ነው፤ የድሮው ሁሉ ገነት ነበር አንልም። ነገር ግን ተራ የሚያሰጠው ዋናው ነገር ወረቀት ሳይሆን አብሮ መቆፈርና አብሮ መጥረግ ነበር።

ቧንቧ ሲመጣ ጨዋታው ተቀየረ። በ1880ዎቹ ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ውሃ ጠልፎ ወደ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በቧንቧ አወረደ። ልብ በሉ፤ ቧንቧ ገና ሲጀምር ከተራራ ወደ ግቢ ነው የሄደው። ወንዝ በደጃፍህ ሲያልፍ ማንንም አያስፈቅድም። ቧንቧ ግን የት እንደሚደርስና የት እንደሚቆም የሚወስንለት ሰው ይፈልጋል።

ያንን ወሳኝ ሰው ሕግ ፈጠረው። በ1937 የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ውሃንና ፍሳሽን ከከተማ ሹሞች ሥራ ውስጥ አስገባ። ከዚያ ሐምሌ 19 ቀን 1967 መጣ። ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ለመኖሪያ ቤት የሚፈቀደውን ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ቀበሌንም ወለደ። ከዚህ በኋላ ቦታ የሚሰጠውም ቧንቧ የሚዘረጋውም ያው መንግሥት ሆነ። ውሃና ካርታ የተጋቡት እዚህ ላይ ይመስለናል። ካርታው መንግሥት «አውቄሃለሁ» የሚልበት ወረቀት ሆነ፤ ያልታወቀ ሰው ደግሞ ቦኖ ላይ ጀሪካን ይዞ ይሰለፋል።

የጎጃም ታሪክ እዚህ ላይ ምፀት አለበት። ጎጃሜ ርስቱን በቃላድ አላስለካም ብሎ ስንት ጊዜ እንደሸፈተ አባቶቻችን ያውቁታል። በ1960 የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር ሞጣንና ቢቸናን ጨምሮ ብዙውን ጎጃም አሳመፀ። ገበሬው ቀድሞ የታየው ከልኬታው በስተጀርባ ርስቱን የሚነጥቅ እጅ ነበር። መንግሥት ጦር ቢልክም በመጨረሻ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴን አንስቶ ውዝፍ ግብር ማረ። የልጅ ልጆቹ ግን በተቃራኒው «ኧረ ባካችሁ ለክታችሁ ካርታ ስጡን!» እያሉ ቢሮ ለቢሮ ይንከራተታሉ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የገጠር መሬት ምዝገባ በአማራ ክልል በስዊድን እርዳታ ሲሞከር፣ ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ቦታዎች አንዷ ማርቆስን የሚከባት የጎዛምን ወረዳ ቀበሌ፣ አዲስና ጉሊት ነበረች። አያት ያባረረውን ቀያሽ የልጅ ልጅ በር ከፍቶ ተቀበለው። ምክንያቱም ወረቀት የሌለው ሰው ምን እንደሚቀርበት አይቷል።

ሕጉስ ስለ ውሃ ምን ይላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ለሁሉም ኢትዮጵያዊ ንጹህ ውሃ እንዲዳረስ ፖሊሲ ይቀረጻል ይላል። በ1992 የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ውሃን የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት አድርጎ፣ ውሃ ለማቅረብም ሆነ ፍሳሽ ወደ ውሃ ለመልቀቅ ፈቃድ ያስፈልጋል አለ። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ግን ፈቃድ አይሻም። እንግዲህ አስቡት፤ ካርታ የሌለው ሰው ያለ ፈቃድ የሚያገኘው ውሃ የጓሮ ጉድጓድ ውሃ ነው፣ ከሽንት ቤቱ ጥቂት ሜትር ርቆ! ሐምሌ 2002 ላይ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ንጹህ ውሃና የአካባቢ ንጽህና ሰብዓዊ መብት ናቸው ሲል 122 አገሮች ደገፉ፤ 41 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ከ41ዱ አንዷ እኛ ነበርን።

ዕዳው የሚወድቀው ማን ላይ ነው? አንደኛ፣ የጨረቃ ቤት ነዋሪው ላይ። ከጎረቤት በጀሪካን ይገዛል። በብዙ ከተሞች ታሪፉ ፍጆታ ሲጨምር ስለሚወደድ፣ የሚሸጥለት ጎረቤት ቆጣሪ ከፍ ወዳለው እርከን ይዘላል፤ ጭማሪውን የሚከፍለው ድሃው ነው። ሁለተኛ፣ ከተማ ወደ ገጠር ስትሰፋ የተዋጠው ገበሬ ላይ። እጁ ላይ ያለው የይዞታ ደብተር የገጠር ነው፤ የከተማው ካርታ ገና አልደረሰውም። ከሁለት ወረቀት መሀል ውሃ ይጠማል። የፍሳሽማ ነገር አይነሳ! ከአዲስ አበባ ውጭ ይህ ነው የሚባል የፍሳሽ መስመር ያለው ከተማ ማግኘት ይከብዳል። «ውሃና ፍሳሽ» የሚለው ታፔላ ላይ «ፍሳሽ» ብዙ ጊዜ ስም ብቻ ነው፤ ሥራው የመምጠጫ መኪና ነው። መኪናው ደግሞ ቀጭን የጭቃ መንገድ ውስጥ አይገባም።

ሹሞቹ ጨካኝ ስለሆኑ ብቻ ነው አንልም። «ዛሬ መስመር ብንሰጠው ነገ የውሃ ቢሉን ይዞ ባለ ይዞታ ነኝ ይለናል» የሚል ስጋት አላቸው። እውነት አላቸው፤ ሕገ ወጥ ግንባታ ከተማን ያበላሻል፣ ያለ ፕላን የተቀበረ ቧንቧም ነገ መንገድ ሲወጣ ይቆረጣል። ግን መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ውሉ ላይ «ይህ የውሃ አገልግሎት የይዞታ መብት አያስገኝም» የሚል አንድ መስመር መጻፍ ይበቃል። መንደሩ ከተነሳ ቆጣሪው ይነቀላል። ካልተነሳ ደግሞ ሕጋዊ የማድረጉ ሥራ፣ በ2004ቱ የሊዝ አዋጅም ቦታ የተሰጠው ስለሆነ፣ በራሱ ቢሮ በራሱ ጊዜ ይቀጥላል። ሕፃኑ ግን እስከዚያ ድረስ ንጹህ ውሃ ይጠጣል።

መንግሥት መሬቱን ለመቆጣጠር ሌላ መቶ መንገድ አለው። ጥምን የመቆጣጠሪያ መሣሪያ ማድረግ አይገባውም። የውሃ አባት «ቦዩን ጠርገሃል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። የዛሬው ቢሮም «ቆጣሪውን ትከፍላለህ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ይበቃዋል። ካርታው ሲደርስ ይደርሳል።